እርማት፦ «አድሚን ካልሆነ አይሠራም» የሚባለው

«ፕሮግራሙ በተራ ተጠቃሚ እምቢ ካለ የአድሚን ፓስወርድ አስገብቶ መክፈት ነው» የሚለው ምክር በጣም የተለመደ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ተራ ተጠቃሚ በዊንዶውስ ላይ የአድሚን ፓስወርድ ሲያስገባ ፕሮግራሙ የሚነሳው በአድሚኑ አካውንት ነው። ሴቲንጉ የሚቀመጠው አድሚኑ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያውቀው የኔትወርክ ድራይቭም አይታየውም። «ያስቀመጥኩት ጠፋ» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፦ ተራ ተጠቃሚ እንዲጽፍ ያልተፈቀደለት ቦታ ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጫኑበት ፕሮግራም ፋይልስ ፎልደር ውስጥ ወይም የሬጅስትሪው (የዊንዶውስ ሴቲንግ ማከማቻ) ሎካል ማሽን የሚባለው የጋራ ክፍል ላይ ሊጽፍ ይሞክራል። ፕሮሰስ ሞኒተርን (ፕሮግራሞች የሚነኩትን ፋይልና ሬጅስትሪ የሚያሳይ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) በአድሚን ይክፈቱ፣ ውጤቱ «አክሰስ ዲናይድ» (ተከልክሏል) የሆነውን ብቻ ያጣሩ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን በተራ ተጠቃሚው ያስነሱ፤ የተከለከለው ፋይል ከነአድራሻው ይወጣል። ለዚያ ፋይል ወይም የሬጅስትሪ ቁልፍ ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ይስጡ። (ዋናው ኤግዚ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ፋይል፣ ላለበት ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ በጭራሽ አይስጡ፤ ማንም ኤግዚውን በሌላ ሊተካው ይችላል።)

ኮዱ በእጅዎ ከሆነ የግል ሴቲንግን ወደ አፕዳታ (የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፎልደር)፣ የጋራ ዳታን ወደ ፕሮግራምዳታ (የሁሉም ተጠቃሚ ፎልደር) ያዙሩ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፕሮግራምዳታ ውስጥ አንዱ ተጠቃሚ የፈጠረውን ፋይል ሌላው ያነበዋል እንጂ አይቀይረውም። ኢንስቶለሩ ንዑስ ፎልደሩን ሲፈጥር ፈቃዱንም አብሮ ማስተካከል አለበት።

«የእኔ ያለ አድሚንም ይጽፋል» ለሚሉ ደግሞ፦ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ማኒፌስት (የሚፈልገውን ፈቃድ ለዊንዶውስ የሚናገር መግለጫ) የሌለው ባለ32 ቢት ፕሮግራም ፕሮግራም ፋይልስ ላይ የጻፈ ሲመስለው፣ ዊንዶውስ ድምፁን አጥፍቶ ፋይሉን ቨርቹዋልስቶር ወደሚባለው የተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዞርለታል። ፕሮግራሙ ወደ 64 ቢት ሲቀየር ይህ ውለታ ይቀራል።