«ውሃ አይነካውም» እያሉ የሚሸጡልን ቮልት ሜትር

ሞተሬ መሪ ላይ የገጠምኩት ቮልት ሜትር፣ ያ የባትሪውን ቮልት በቁጥር የሚያሳየው ትንሽ ዕቃ፣ ውሃ ገብቶበት ተበላሸና ወደ ሻጩ ይዤው ሄድኩ። «ዝናብ ላይ ለምን ነዳኸው?» አለኝ። በሐምሌ! ሞተር ነጂ በሐምሌ ዝናብ ላይ ካልነዳ መቼ ሊነዳ ነው?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ዋተር ፕሩፍ፣ አይፒ 67» ይላል። ካርቶኑን ፊቱ አድርጌ «ወንድሜ፣ ይሄ ታዲያ ምንድነው?» ስለው «እሱ እኮ ለጤዛ ነው» አለኝ። ለጤዛ! አይፒ 67 ማለት አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተነክሮ ውሃ የማያስገባ ማለት ነው። 6ቱ የአቧራ ነው፣ 7ቱ የውሃ። ይሄን ሳስረዳው አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀ፤ «ብሮ፣ ለአንድ ቮልት ሜትር ይሄን ያህል?» አለኝና ሁለቱም ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞሩ። በሰው ፊት እንደ ለማኝ ቆሜ ቀረሁ። እስካሁን ደሜ አልበረደም።

ሲፈታ ጉዱ ወጣ። ፊቱ ላይ ቀጭን የጎማ ማኅተም አለ፣ እሺ። ጀርባው ግን ክፍት ነው። ሁለቱ ሽቦዎች የሚወጡበት ቀዳዳ ጣት ያስገባል፤ እሱም ላይ አንዲት ጠብታ የጋለ ሙጫ ተደርጎባት በጥፍር ሲነኳት ተነሳች። የቀዩ ሽቦ እግር አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። የመጨረሻዋ ቁጥር ግማሽ 8 ሆና በርታ ቀርታለች። እነዚህ ዕቃዎች ዳሽቦርድ ተበስቶ እንዲገጠሙ የተሠሩ ስለሆኑ ማኅተሙ የፊታቸው ብቻ ነው፤ ጀርባቸው ደረቅ ቦታ ይሆናል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሞተር መሪ ላይ ደግሞ ጀርባው ነው ጎማ የሚረጨውን ጭቃ ውሃ የሚቀበለው!

ደግሞ ውሃው በቀዳዳው ብቻ አይገባም። የሽቦው ጫፍ ታች ክፍት ከሆነ በፕላስቲኩ ውስጥ፣ በቀጫጭኖቹ መዳቦች መሃል፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ እየተሳበ ሰርኪዩቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፊቱን ብቻ ሲሊኮን ለቅልቆ «ጨርሻለሁ፣ ክፈል» የሚል መካኒክ የሠራው ነገር የለም። ሲሊኮኑም ያ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ነው! የአቼቶው ሽታ አሲድ ነው፤ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ተዘግቶበት መዳቡንና የሊዱን ብየዳ ይበላዋል። ዝናቡ ያልጨረሰውን እሱ ይጨርሰዋል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆነው ቱቦው ላይ «ኒውትራል» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ናስትሮ የሚጠቀልሉትማ አይነሱብኝ። ናስትሮ ፀሐይ ሲያገኘው ሙጫው ይቀልጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ አቅፎ ያስቀምጣል።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ውሃ የገባበት ቮልት ሜትር ወዲያው አለመሞቱ ነው። ይዋሻል። ከጀርባው የንባብ ማስተካከያ ብሎን ያላቸው ደግሞ እርጥበት እዚያች ላይ ሲደርስ ንባቡ ይዋዥቃል። ነጂው 15.4 አይቶ ሬጉላተሩ (ባትሪው ላይ የሚደርሰውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ተቃጠለ ብሎ ደህናውን ይቀይራል፤ ወይ 13.9 እያየ ተረጋግቶ ባትሪው ከሥር ያልቅበታል። ቀኑን ሙሉ ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ከዚያው ባትሪ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ነዳጅ ሰጥተኸው ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ቻርጁ ደህና ነው፤ 15 ካለፈ ባትሪው እየተቀቀለ ነው። ይሄን ሁሉ ለማወቅ ነው እኮ ያቺ ትንሽ ዕቃ የምትገጠመው፤ ከዋሸች ምን ታደርጋለች?

አሠራሩ ከባድ ቢሆን አዝንላቸው ነበር። ከባድ አይደለም! መጀመሪያ ዕቃውን ከቴስተር (የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መለኪያ) ጋር አስተያይቶ ብሎኗን ማስተካከል፤ ከተሸፈነች በኋላ አትነካም። ሰርኪዩቱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት። የፋርማሲው አልኮል 70 ከመቶ ስለሆነ ውሃ አለው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት፣ ቁጥሮቹን ሳይነኩ። ሽቦዎቹን በሊድ በይዶ በእያንዳንዱ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው ሽሪንክ፣ ሲሞቅ የሚጨማደድ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማልበስ። ጀርባውን ባለሁለት ቱቦ ኤፖክሲ፣ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ፣ መሙላት፤ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ፣ ዳር ዳሩ ተይዞ፣ ወደ ቁጥሮቹ እንዳይፈስ በትንሽ በትንሹ። 24 ሰዓት ማስቀመጥ። አዎ፣ ከዚህ በኋላ አይጠገንም፤ ግን ይሄ ዕቃ ድሮስ መቼ ተጠግኖ ያውቃል።

ኤፖክሲ የማይፈልግ ሳጥን ውስጥ ያድርገው፤ ግን ከሥሩ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይተውለት። ድፍን ሳጥን ቀን ሲሞቅ አየሩን ያስወጣል፣ ዝናብ ድንገት ሲያቀዘቅዘው እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ውስጡ ያልበዋል። ሽቦው ደግሞ ወደ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይመለስ፤ ውሃው በሽቦው ላይ ተንሸራቶ ከታጠፈበት ታች ይንጠባጠባል። ይቺ ምንም ገንዘብ የማትጠይቅ ነገር ናት፤ የሚያደርጋት ግን የለም!

እሺ ይሄ ይቅር፣ ቀጥታ ባትሪ ላይ የሚያስሩትስ? ሞተሩ ጠፍቶም ሳያቋርጥ የሚበላው 20 ሚሊ አምፔር ምንም አይመስልም፤ በቀን ግን ግማሽ አምፔር ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ባለ 5 አምፔር ሰዓት የሞተር ባትሪን በ10 ቀን ገደማ ያደርቃል። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ይወሰድ፤ ከፊት መብራት ሽቦ ግን አይሁን፣ መብራቱ ሲበራ ንባቡ ይወርዳል። ኔጋቲቩ ቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰር። ፊውዝ 1 አምፔር፣ ሽቦው ከሚጀምርበት አጠገብ። ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚከቱ ሰዎች አሉ። እግዚአብሔር ይይላቸው፤ ሞተሩ ቢነድ የሚከፍሉ ይመስል!

ላቫጆም አለ። የግፊት ውሃውን ከአንድ ክንድ ርቀት መሪው ላይ ይለቁበታል። አይፒ 67 ለዚያ አልተሠራም፤ ረግቶ የቆመ ውሃ ውስጥ መንከርና በግፊት መርጨት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። «መሪው አካባቢ በጨርቅ ብቻ» ብለህ ነግረህ፣ እሺ ብለውህ፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ቁጥሩ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ተናግሮ መድከም ነው።

የሠራችሁትን ሳትገጥሙ ሞክሩት፤ 12 ቮልት ሰጥታችሁ በውሃ መርጫ ጠርሙስ ከየአቅጣጫው ለአሥር ደቂቃ። ከቴስተሩ ጋር ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለያየ ይፈታ። ለእኔ ደግሞ ያ «ኒውትራል» የሚለውን ሲሊኮን በትንሽ ቱቦ የሚሸጥበት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በሲሊኮን መግፊያ ጠመንጃ የሚወጣው ትልቁ ብቻ ነው የሚገኘው፣ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል።