ይድረስ ለተከበሩ አቶ ችካል

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከእርስዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አናትዎን ቀይ ተቀብተው አባቴ ጤፍ መሀል ሲቆሙ የጠራዎት የለም። ማታ አልነበሩም፣ ጠዋት ተተክለው አገኘንዎት። በሬያችን ማንነትዎን ስላላወቀ አንገቱን አከከብዎት። አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጣና «የመንግሥት ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ። በሬው ደነገጠ። አባቴም።

አባቴ ከሣጥን ሥር አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር አወጣ። የእሱም የእናቴም ፎቶ አለበት፤ ማኅተምም አለበት። ሰውዬው አገላብጦ አየውና «ጥሩ ነው፣ አስቀምጡት፤ ለካሣ ይጠቅማል» አለ።

ሕገ መንግሥቱን አንብበው እንደሆነ እንጃ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለውም ይላል። ታዲያ ለአባቴ የሚታሰብለት የመሬቱ ዋጋ ሳይሆን የምርቱ ነው። በ1997ቱ አዋጅ የዓመት ገቢው በ10 ይባዛ ነበር፤ በ2011ዱ 15 ሆነ። አምስት ጨመሩልን፣ ክብረት ይስጥልን! ከዚያ ያው የማይሸጠው መሬት በካሬ ሜትር ተሸንሽኖ ሊዝ ጨረታ ይወጣል። አባቴ «እኔ እጅ ሳለ ዋጋ አልነበረው፤ ከእጄ ሲወጣ ከየት አመጣው?» ይላል። እርስዎ ካወቁ ይንገሩት።

ዘመዶችዎን እናውቃቸዋለን። አያትዎን ቀላድን፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ጎጃሜ እንዴት እንደተቀበላቸው ይጠይቁ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት «ርስቴን ገማች አይረግጣትም» ብለው ተነሱ። አውሮፕላን ሁሉ ተላከባቸው፤ በስተመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ከሥልጣን ተነሱ። በ1967 መሬት ላራሹ ሆነ ተባለ። በ1989 የመሬት ድልድል መጣ፤ በደርግ ጊዜ ሹመት ነበረው ተብሎ «ቢሮክራሲ» የተባለ ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ሁሉም የመጣው ለእኛው ብሎ ነው። (እኛን የጠየቀን ግን አላስታውስም።)

እርስዎም ለልማት ነው የመጡት አሉ። ከአጠገብዎ ያለው የጎረቤታችን ማሳም ለልማት ታጥሮ ነበር። እስካሁን የለማው ሙጃ ብቻ ነው።

አንድ ልመና አለን። ጤፉ የሚታጨደው ኅዳር ነው። እስከዚያ ባሉበት ይቁሙ፤ ወንድሞችዎን ብቻ ወደ ጓሯችን አይጥሩብን።

አክባሪዎ፣
የልማት ተነሺው ልጅ