ያዋጣነው የት ደረሰ?

ዘንድሮም መጽሐፏ በፖስታ መጣችልኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ቬርሞንት በሚባለው ስቴት የምኖርባት ትንሽ የገጠር ከተማ በየዓመቱ የምታሳትማት የሂሳብ መጽሐፍ ናት። ሁለት ሺህ ሰው እንኳ አንሞላም፤ መጽሐፏ ግን ከመቶ ገጽ በላይ ናት። የከተማዋ ጸሐፊ ደመወዝ አለ። ለጠጠር፣ ለጨው፣ ለመቃብር ቦታው ሣር አጨዳ የወጣው ሁሉ አለ። ከኋላ ደግሞ ግብር ያልከፈሉ ሰዎች ስም ከነዕዳቸው ተዘርዝሯል። አንዱ ጎረቤቴ ነው። መጀመሪያ ሳየው እኔ አፈርኩለት።

ድሮ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ነበር የማስቀምጣት። ዘንድሮ ግን ቁጭ ብዬ ሳነባት ሆዴ ተቃጠለ። ያቃጠለኝ ባለፈው ሐምሌ አገር ቤት ሄጄ ያየሁት ነው።

የዚህኛውን ላስቀድም። ቬርሞንት ውስጥ ታውን ሚቲንግ የሚባል ስብሰባ አለ፤ በማርች የመጀመሪያው ማክሰኞ። በስቴቱ የበዓል ቀን ነው። ነዋሪው ተሰብስቦ የከተማውን በጀት ራሱ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። አጀንዳው ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ይለጠፋል። ያልተለጠፈ ጉዳይ ድንገት አምጥቶ ማስወሰን አይቻልም። መጽሐፏም ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማ ሕዝቡ እጅ መግባት አለባት።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ስብሰባው በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነበር። የሚታጠፍ የብረት ወንበር ተደርድሯል። ጥግ ላይ ሰው ከቤቱ ያመጣው ሾርባና ኬክ አለ። አዲስ በረዶ ጠራጊ መኪና ይገዛ አይገዛ በሚል አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። አንዲት አሮጊት ሹራብ እየሠሩ ነበር። ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተነሡና መጽሐፏን ገልጠው፣ የጠጠሩ ወጪ ካምናው ለምን በለጠ ብለው ጠየቁ። የመንገድ ጥገና ኃላፊው ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። የትኛው ቁልቁለት በጎርፍ እንደተበላ፣ የትኛው ቱቦ እንደተቀየረ፣ ስንት መኪና ጠጠር እንደፈሰሰ አንድ በአንድ ነገራቸው። አሮጊቷ አመስግነው ተቀመጡ። ኃላፊው ግን እሳቸው እስኪቀመጡ ድረስ አልተቀመጠም።

ያኔ ዜግነት አልወሰድኩም። መራጭ ያልሆነ ሰው ለመናገር የቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይናገር ወይ?» አለ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ይናገር!» አለ። ልጄ የትምህርት ቤት አውቶብስ የምትጠብቅበት ቁልቁለት ጠዋት ጠዋት በረዶው እንደ መስታወት ነው፤ አሸዋው የሚደርሰው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሸዋው ተበትኖ አገኘሁት።

ሁሉም ነገራቸው ደህና ነው አልልም። ስብሰባው የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ነው፤ አንዳንዱ ከተማ መከራከሩን ትቶ ወደ ድምፅ መስጫ ወረቀት ዞሯል። ቢሆንም ያ አሸዋ ከዓይኔ አይጠፋም።

አሁን ወደ እትብቴ የተቀበረባት ከተማ። ስሟን አልጠራም። እናቴ ቤት በገባሁ በሳምንቱ በሞንታርቦ ስብሰባ ተጠራ። ለ3 ሰዓት የተጠራው 5 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ጉዳዩ የኮብልስቶን መዋጮ ነው። በነፍስ ወከፍ ስንት እንደሆነ ተወስኖ መጥቷል፤ ሕዝቡ የተጠራው እንዲሰማ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት ተነሡ። ከነጠላቸው ጫፍ ፌስታል ፈቱ። ከፌስታሉ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ። ማኅተሙ ደብዝዟል። «ልጆቼ፣ የዛሬ አራት ዓመት ለድልድዩ አዋጡ ተብለን አዋጣን። ድልድዩ የለም። ልጆቹ ዛሬም ጎርፉን በሰው ጀርባ ነው የሚሻገሩት። ያዋጣነው የት ደረሰ?»

መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ «እናቴ፣ እሱ በቀድሞው አመራር ጊዜ የተሰበሰበ ነው። ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አለ።

በቃ። ይኸው ነው መልሱ። እጄን አወጣሁ። «አንተ እንግዳ ስለሆንክ በጽሑፍ አቅርብልን» ተባልኩ። እንግዳ! በባዕድ አገር ይናገር የተባልኩ ሰው አባቴ በተቀበረበት ከተማ እንግዳ ሆንኩ።

ጽፌ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬን መዝገብ ቤት ትቼ ወጣሁ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን እሑድ ዕለት ያየሁት ነው። የእናቴ እድር ነበር። ያው ሰፈር፣ ያው ሰው። ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ የነበረው ሽማግሌ እዚህ የእድሩ ዳኛ ነው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ አነበበ። ገንዘብ ያዡ ሂሳብ አቀረበ። የ340 ብር ደረሰኝ ጎደለ። አስጨነቁት! የድንኳን ኪራይ ነው ቢል ወረቀቱን አምጣ አሉት፤ ቤቱ ሄዶ ይዞ እስኪመጣ ጠበቁት። ያረፈደ ተቀጣ። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ነው ሂሳብ መጠየቅ አያውቅም የሚባለው?

ያውቃል። የተለየው የሚጠየቀው ሰው ነው። የእድሩን ገንዘብ ያዥ መርጠው ያስቀመጡት እነሱ ናቸው፤ ካልሆነ ያወርዱታል። የከተማውን ኃላፊ ግን ከላይ ይመድቡታል፤ ከላይ ያነሡታል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ አገር አቀፍ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። የተመራጮቹ የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ተላለፈ፣ እንደተላለፈም ቀረ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በቀጥታ ነው የሚለው። ለዚያ ኃላፊም አዝንለታለሁ፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው ከላይ ነው፣ ሥራውን ሳይለምድ ይነሣል። ግን ለእኚያ እናት አንድ ገጽ ወረቀት ማን ከለከለው? ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ የሚል አንድ ገጽ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ብር አይጠይቅም።

ትናንት እማዬ ጋ ደወልኩ። ደብዳቤዬስ አልኳት።

«ኃላፊው ተቀይሯል ልጄ። አዲሱ ገና ስብሰባ አልጠራም።»

እኚያን እናት ጠየቅኳት። ደህና ናቸው አለችኝ። ደረሰኙ እንዳይበላሽ ወስደው ላሚኔት አስደርገውታል።