ጥቆማ ያቀረበው ሠራተኛ ዛሬ የት ነው?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ቦይንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። ይህን የማያውቅ የለም። ከአደጋው በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ግን ብዙዎቻችን በቅጡ አልተከታተልነውም። ዛሬ ስለዚያ መጻፍ የፈለግኩት በየመሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ከሚሰጠው የሥነ ምግባር ሥልጠና ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ክሱ ኤምካስ ስለተባለው የማክስ አውሮፕላን ሶፍትዌር የአገሪቱን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ አሳስቷል የሚል ነበር። ኩባንያው ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። አብዛኛው ገንዘብ ለአየር መንገዶች ካሳ የሚውል ነው። ለሟች ቤተሰቦች የተመደበው 500 ሚሊዮን ነበር። ከገንዘቡ ሌላ አንድ ግዴታም ተጨመረ። ቦይንግ የሥነ ምግባርና የኮምፕሊያንስ ፕሮግራሙን፣ ማለትም ሠራተኛውም አለቃውም ሕግ አክብረው መሥራታቸውን የሚከታተልበትን አሠራር፣ ሊያጠናክር ቃል ገባ። ሦስት ዓመት ተሰጠው። ቃሉን ከጠበቀ ክሱ ይነሣለታል። የሚከታተለው ገለልተኛ ሰው ግን አልተመደበም። ስለ ራሱ ሪፖርት የሚያቀርበው ራሱ ነው።

ሦስቱ ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024፣ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 ሰማይ ላይ እያለ የአንድ በር ቦታ የሚደፍነው የግድግዳ ክፍል ተገንጥሎ ወደቀ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። መርማሪዎች ሲያዩት ክፍሉን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች በቦታቸው አልነበሩም። ፋብሪካ ውስጥ ለሌላ ጥገና ተብሎ ተከፍቶ ሲዘጋ የተዘነጉ ናቸው። ማን እንደከፈተው የሚያሳይ ሰነድም አልተገኘም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ፍትሕ ሚኒስቴሩ ቦይንግ ስምምነቱን ጥሷል አለ። ምክንያቱም የማጭበርበር ወንጀልን የሚከላከልና ሲፈጸም የሚደርስበት የሥነ ምግባር ፕሮግራም አልዘረጋም፣ አላስፈጸመም የሚል ነው።

ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተንከባሏል። ቦይንግ ጥፋተኝነቱን ሊያምን ተስማማ። ዳኛው ያንን ስምምነት አልተቀበሉም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2025 በሌላ ስምምነት ክሱ ተነሣ። ብዙ የሟች ቤተሰቦች ይህን አጥብቀው ተቃውመዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ታዲያ ቦይንግ ሠራተኞቹን ሥነ ምግባር ሳያስተምር ኖሮ ነው? በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ2003 የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ከሥራ የተባረረው፣ የአየር ኃይል ግዥ ላይ ትወስን የነበረችን ባለሥልጣን ገና ሥራዋ ላይ እያለች ለመቅጠር በመደራደሩ ነው። ሁለቱም ታሰሩ። ኩባንያው በኋላ 615 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከዚያ ቅሌት በኋላ ቦይንግ ትልቅ የሥነ ምግባር ቢሮ አቋቋመ። ሠራተኛው በየዓመቱ የሥነ ምግባር ደንቡን እያነበበ ይፈርማል። ሥልጠና አለ። የጥቆማ ስልክ አለ። በወረቀት የጎደለ ነገር አልነበረም።

ሠራተኞቹም ችግሩን አላጡትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆኑ የውስጥ መልእክቶች ላይ አንድ ሠራተኛ ባልደረባውን ይጠይቃል። በማክስ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ባለ የበረራ ማለማመጃ) በሠለጠነ አብራሪ በሚበር አውሮፕላን ላይ ቤተሰብህን ታሳፍር ነበር? እኔ አላሳፍርም ይላል። መልሱ አንድ ቃል ነው፦ አላሳፍርም። አሜሪካ ሬንተን ከተማ በሚገኘው የቦይንግ ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ኤድ ፒርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ለ737 ፕሮግራም መሪ ጻፈ። ሠራተኛው በጥድፊያ ተዳክሟል፣ ጥራት እየወደቀ ነው፣ የምርት መስመሩን ለጊዜው አቁሙት አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቤን በቦይንግ አውሮፕላን ለማሳፈር እያመነታሁ ነው ሲልም ጻፈ። መስመሩ አልቆመም። ከአራት ወር በኋላ የላየን ኤር አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ ባሕር ገባ። 189 ሰው ሞተ። ፒርሰን ጡረታ ከወጣም በኋላ ለዋና ሥራ አስፈጻሚውና ለቦርዱ ጽፏል። የእኛ አውሮፕላን የወደቀው ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ በኋላ ነው።

ቦይንግ እነዚያ የፋብሪካ ችግሮች ከሁለቱ አደጋዎች ጋር አይገናኙም ብሎ ተከራክሯል። ይህ መባል አለበት። እኔ ግን የምይዘው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሰዎች፣ በተለያየ ክፍል፣ ቤተሰባችንን አናሳፍርም ወይም ለማሳፈር እናመነታለን እስከማለት ደርሰው ነበር። ትክክሉንና ስህተቱን ለመለየት ሥልጠና አላስፈለጋቸውም። ያጡት የሚሰማቸው አለቃ ነው።

የኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው። የሥነ ምግባር ሥልጠና የሚመዘነው ስንት ሰው ሠለጠነ በሚለው ቁጥር አይደለም። ያቺን የማትመች ወሬ ይዞ የመጣው ሠራተኛ ከዓመት በኋላ የት እንዳለ ታይቶ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ባንክም ሥልጠና ነበረው፣ የጥቆማ ስልክም ነበረው። ነገር ግን ለአንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት ሽጡ የሚል ኢላማ ቅርንጫፎቹን አስጨነቃቸው። ሠራተኛው ደንበኛው ሳያውቅ ሂሳብ መክፈት ጀመረ፤ ቁጥሩ ሚሊዮኖች ገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩ ሲፈነዳ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ወደ 5,300 ሠራተኞች መባረራቸውም ተነገረ። የጥቆማ ስልኩን ተጠቅመን ተባረርን ያሉ ሠራተኞችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ጥቆማ ያቀረበ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሥራው እንዲመለስና ወደ 5.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው አዟል።

የባንክ ሠራተኛ ዘመድ ያለው ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም። እዚህም የቅርንጫፍ ሠራተኛ የተቀማጭና የአዲስ ሂሳብ ኢላማ ይሰጠዋል። ዘመድ ይለምናል፣ ጎረቤት ይለምናል። ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ያለውን ጭንቀት ጠይቁት። ጠዋት ስለ ታማኝነት የሠለጠነ ሰው ከሰዓት በኋላ ኢላማህን ካልሞላህ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸምህ ይወርዳል ከተባለ፣ የትኛውን ትምህርት ይዞ እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

ሥልጠናችንን ታውቁታላችሁ። የሆቴል አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ ባነር፣ በሩ አጠገብ የስም መፈረሚያ፣ መጨረሻ ላይ አበል። አሠልጣኙ የሙስናን ትርጉም ይነግረናል። ከዚያ 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች ያነባል፤ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አርአያነት እያለ ይቀጥላል። ብዙዎቹ አሠልጣኞች ከልባቸው የሚሠሩ ናቸው። ችግሩ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ኃላፊው መክፈቻ ንግግር አድርጎ ይሄዳል። ሥልጠናው ለበታቹ ይቀራል።

የማውቃት አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለች። መሥሪያ ቤቷን አልጠቅስም። እንዲህ ያለ ሥልጠና ወስዳ ነበር፣ ሰርተፊኬቱም አለ። አንድ ቀን ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ መረከቢያ ሰነድ፣ ቀረበላት። ወረቀቱ ዕቃው ሙሉ በሙሉ መጋዘን ገብቷል ይላል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግማሹ ነው። ቀሪው ሳምንት ይመጣል፣ በጀቱ ሳይቃጠል ፈርሚ ተባለች። ቆጥራ የተረከበችውን ብቻ ጽፋ ፈረመች። ጉዳዩንም ለሥነ ምግባር ክፍሉ በጽሑፍ አሳወቀች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውረው እንዲሠሩ ይላል። ቅርንጫፉ ከቤቷ በጣም ሩቅ ነው። ደመወዟ አልተቀነሰም፣ ማዕረጓም አልተነካም። በሕግ ፊት የሚያዝ ነገር የለም። እሷን ያየ ባልደረባ ሁሉ ግን ትምህርቱን ወስዷል። ከዚያ በኋላ የመጣ አሠልጣኝ ያንን ትምህርት ሊያጠፋው አይችልም።

በአገራችን ይህ ነገር የከበደበት ሌላም ምክንያት አለ። በደርግ ጊዜ ጥቆማ ሰው ያስበላ ነበር። የጎረቤት ልጅ በጎረቤት ጠቋሚነት ከቤቱ ወጥቶ ቀርቷል። ያ ትውልድ ለልጆቹ ያወረሰው ምክር አፍህን ያዝ የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ ወጣ ብሎ የሚናገር ሠራተኛ ከላይ አለቃው ብቻ አይደለም የሚጠምደው። ከጎኑ ያለው ባልደረባም ጆሮ ጠቢ ይለዋል፣ ሻይ ሲጠጣ ይርቀዋል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በየቢሮው በሥራ ላይ ነው። ይህን ፍርሃት ሥልጠናው በስሙ ጠርቶ ሊያነጋግርበት ይገባል። ሐሰት ተናግሮ ሰው ማሳሰርና በሰነድ የተደገፈ ጥፋት ማሳወቅ ለየቅል መሆናቸውን ሰው ከሰው አፍ መስማት አለበት።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። አዋጁ ግን የታሰበው ለከባድ ወንጀል ነው። ግማሽ ዕቃ ተረክባ ሙሉ አልፈርምም ያለች ሴት ላይ የሚመጣው በቀል በዝውውር፣ በሥራ አፈጻጸም ነጥብና በጭማሪ ነው። እዚያ ላይ የሚደርስላት ቅርብ ሰው የሥነ ምግባር ክፍሉ ባለሙያ ነው። እሱም ደመወዙ ከዚያው ቤት ነው፣ ቢሮውም ኮሪደሩ ላይ ነው። ጀግና እንዲሆን መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም።

ሥልጠናው ይቅር አልልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን እንደሚከለክል፣ ትንኮሳ የደረሰበት ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ ብዙ ነው። የጥቅም ግጭትም እንደዚያው ነው። የጨረታ ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው የአጎቱ ልጅ ተጫራች ሆኖ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ማስተማር ጥቅም አለው። ግን በሦስት ሰዓት ያልቃል።

የቀረው ጊዜ ለኃላፊዎች ይሁን። ኃላፊው ራሱ ተቀምጦ ይሠልጥን፤ ርዕሱም የበታች ሠራተኛ መጥፎ ወሬ ይዞ ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ይሁን። የመጀመሪያው ቃል ምን መሆን አለበት? ማን ይመረምራል? ጥቆማ በቀረበበት ኃላፊ እጅ ፋይሉ እንዳይገባ እንዴት ይደረጋል? በግል ድርጅቶች ደግሞ ጥቆማው የሚደርሰው ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለቦርዱ ኦዲት ኮሚቴ መሆን አለበት። የአንድ ባንክ ቦርድ ስለ ተቀማጭ ዕድገት በየወሩ የሚሰማ ከሆነ፣ ስለቀረቡ ጥቆማዎች በየሩብ ዓመቱ መስማት አያቅተውም።

ሁለተኛው የምለው ነገር ብዙም ወጪ የለውም። ጥቆማ ያቀረበ ሠራተኛ ስም በምስጢር ይያዝና ለሁለት ዓመት ክትትል ይደረግለት። ተዛወረ? ነጥቡ ወረደ? ሥልጠና ወይም ዕድገት ሲታደል ተዘለለ? ከነዚህ አንዱ ከሆነ፣ በበቀል አለመሆኑን የማስረዳት ግዴታው የኃላፊው ይሁን። ሠራተኛው የአለቃውን ልብ ከፍቶ ማሳየት አይችልም። ኃላፊው ግን ሰነድ አለው።

ቂም ለመወጣት በሐሰት የሚጠቁም አለ የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እውነት ነው፣ አለ። አውቆ የዋሸ ይቀጣ። በቅንነት ተናግሮ ነገሩ ሳይረጋገጥ የቀረ ሰው ግን መነካት የለበትም። ምርመራ የሚባለው ሥራ የተፈጠረውም ሁለቱን ለመለየት ነው። በሐሰት የሚወነጀል ኃላፊንም የሚያድነው ፈጣንና ገለልተኛ ምርመራ ነው፤ ፋይሉ በመሳቢያ ሲቆይማ ሐሜቱ ይሰነብታል።

በየዓመቱ መጨረሻም ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ገጽ ይለጠፍ። ስንት ጥቆማ ቀረበ፣ ስንቱ ተመረመረ፣ ስንቱ እውነት ሆነ፣ ምን እርምጃ ተወሰደ። ስም አያስፈልግም። ምንም ጥቆማ አልቀረበም የሚል መሥሪያ ቤት ካለ እኔ በግሌ ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም። ሰው ፈርቷል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ቦርዶችና የበላይ ኃላፊዎች ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልጋቸውም። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ።