ዜሮ ነው ኦ? የሬዲዮ ፕሮግራም ፎንት ማስተካከል የማን ሥራ ነው

የክርክሩ መነሻ አንድ ኮል ሳይን፣ ማለትም የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መጠሪያ ነው። አንጋፋው ተከራካሪያችን ዕድሜያቸውን በቴሌግራፍና በቴሌፕሪንተር ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ወጣቷ ሶፍትዌር ትጽፋለች። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲባል ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር በሬዲዮ መገናኘት ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ካለበት ከአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢ ብዙም ሳይርቁ፣ አንዲት ማኪያቶ ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው ሲጨቃጨቁ አገኘናቸውና ጭቅጭቁን በጽሑፍ እንዲቀጥሉት ጠየቅናቸው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የሬዲዮ ፕሮግራም ጽሑፉ አልነበብ ሲል ማስተካከል ያለበት ሠሪው ነው ወይስ ተጠቃሚው? እኛ አልዳኘንም፤ ማኪያቶውን ግን ከፍለናል።

አንጋፋው፦

እኔ ሞርስን በጆሮዬ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሞርስ ዜሮ አምስት ረጃጅም ድምፅ ነው፤ ኦ ሦስት ነው። አንድ ቁጥር አንድ አጭርና አራት ረጃጅም፣ አይ ደግሞ ሁለት አጫጭር ብቻ። እንቅልፍ እያንገላጀጀህም ቢሆን አይምታታም። በእጅ ስንጽፍ ደግሞ ዜሮዋን በመሃሏ ሰረዝ እናደርግባት ነበር፤ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው እንዳይሳሳት። ይህን ጥንቃቄ ያስተማሩን ኮምፒውተር ያላዩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ጆሮዬ ጡረታ ወጥቶ ዓይኔ ሥራ ገባ። ባለፈው ከኦላንድ ደሴቶች አንድ ጣቢያ አገኘሁ፤ ባልቲክ ባሕር ላይ ያሉ የፊንላንድ ደሴቶች ናቸው፣ ኮል ሳይናቸው ኦኤች0 ብሎ ይጀምራል። ኦም አለው፣ ዜሮም አለው። ግንኙነት የምመዘግብበት ፕሮግራም (ስሙን አልጠራም) ሁለቱንም አንድ ዓይነት ክብ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። ዜሮዋን ኦ ብዬ መዘገብኩ። አይቼ አረጋገጥኩ፣ ደግሜ አየሁ፤ ልክ ነው። ከዚያኛው ሰው መዝገብ ጋር ሊገጥም ነው? አልገጠመም። ግንኙነቱ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠልኝም። ይህን ታዲያ የዓይን ችግር ትሉታላችሁ? የሃያ ዓመት ልጅ ዓይንም ያው ክብ ነው የሚያየው።

ኤፍቲ8 ላይ (አጫጭር መልእክት በኮምፒውተር እየተፈታ የምንለዋወጥበት የሬዲዮ ዘዴ ነው) ደግሞ ለማሰብም ጊዜ የለም። አንድ ዙር 15 ሰከንድ ነው፤ 12.64ቱ ምልክቱ የሚላክበት ነው። የሚተርፈው ሁለት ሰከንድ ከምናምን። በዚያች መሃል ኮምፒውተሩ ፈትቶ ይደረድርልኛል፣ እኔ አነባለሁ፣ ለማን እንደምመልስ እወስናለሁ፣ እጫናለሁ። የንባብ መነጽሬን ፈልጌ ስክሪኑ ላይ እስክደፋ ዙሩ ሄዷል። የሚነበብ ነገር መሥራት የሠሪው ግዴታ ነው፤ በቃ።

ወጣቷ፦

ጋሼ፣ በኦላንዱ አዘንኩ፤ እውነቴን ነው። ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ሰፍተውብኛል። የፊደሉ ቅርፅ አንድ ጉዳይ ነው፣ መጠኑ ሌላ ነው።

ከመጠኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ላይ ፕሮግራሙን ያለ ጥፋቱ ነው የከሰሱት። የድሮ ላፕቶፕዎ 15.6 ኢንች ነበር፣ 1366 በ768 ፒክስል። በአንድ ኢንች ውስጥ ወደ 100 ነጥብ ማለት ነው። አዲሱ 14 ኢንች ላይ 1920 በ1080 ነው፤ በኢንች 157 ነጥብ። ከፍታው 13 ነጥብ የሆነ ፊደል በድሮው 3.3 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በአዲሱ 2.1 ሆነ። ፕሮግራሙ ምንም አላደረገም። ፊደሉ ያው 13 ነጥብ ነው፤ ነጥቧ ናት ያነሰችው። እርስዎ «ያምራል፣ ጥራቱ ለብቻው ነው» ብለው የገዙት ስክሪን ነው ፊደሉን ያሳነሰው።

መድኃኒቱም እጅዎ ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክተው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ የሃይ ዲፒአይ ሴቲንግ። እዚያ ውስጥ ማጉላቱን ለዊንዶውስ መስጠት ይችላሉ። «ሲስተም» ካሉት ሥዕሉን እንደ ላስቲክ ስለሚለጥጠው ይደበዝዛል፤ «ሲስተም ኤንሃንስድ» የሚለው ግን ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ላይ ጽሑፉን እንደ አዲስ ስለሚያስለው ጥርት ይላል። እሱ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ።

ቅርፁን በተመለከተ፣ ኤፍቲ8 የሚሠሩበት ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ፎንት ለማስመረጥ ሁለት ቁልፍ አለው። ፋይል፣ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል ይግቡ። አንደኛው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ሁሉ ነው፤ ሁለተኛው፣ «ዲኮድድ ቴክስት ፎንት» የሚለው፣ ተፈትተው የሚወርዱትን መስመሮች ብቻ። ኮንሶላስን ይምረጡ፤ ዜሮው እንደ እናንተ የቴሌግራፍ ዜሮ ሰረዝ አለው። ኩሪየር ኒውን ይተዉት፤ መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ስክሪን ላይ ይጠፋል። ደግሞ ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ያለው ፎንት ካልሆነ ሰዓቱ፣ ጥንካሬው፣ ድግግሞሹ፣ ዓምዱ ሁሉ ይዛነፋል። የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው ጋሼ።

አንጋፋው፦

ልጄ፣ የነገርሽኝን ወረቀት ላይ ጽፌ ቤቴ ሞከርኩት። እግዜር ይስጥሽ፣ ኤፍቲ8ቱ ተስተካክሏል። ኮንሶላስ፣ 16። «ሲኪው»፣ የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ የሚለው ጥሪ፣ ከክፍሉ ማዶ ይታየኛል፤ ሚስቴም አነበበችው።

መዝገቡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያልሽውን ኤንሃንስድ አደረግኩ። ጽሑፉ አደገ፣ ሣጥኑ አላደገም። የማስቀመጫው ቁልፍ ግማሹ ተቆርጦ ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር ገባ፤ ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር የለም። መለስኩት። ሌላው ፕሮግራም ደግሞ፣ የአንቴናውን አቅጣጫ የሚያሳየው፣ «ኪውቲ ስኬል ፋክተር» የሚባል የማጉያ ሴቲንግ 1.25 አድርገው ብለሽኝ ነበር። በመካከሉ ከታች ሰረዝ፣ ሁሉም በካፒታል፣ ክፍት ቦታ የለው። ያን ለመጻፍ የሚከፈተው መስኮት ውስጥ ያለው ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያንስ አይተሽዋል? ማንበብ ያቃተው ሰው ማንበብ እንዲችል ከሁሉ ያነሰውን ጽሑፍ አንብብ እየተባለ ነው። እኔ አንቺ ነበርሽልኝ። ሰው የሌለው ምን ያድርግ?

ደግሞ አንድ ያልነገርኩሽ። መዝገቡ ላይ «ማስታወሻ» የሚባል ቦታ አለ። «ጥሩ ሰው፣ ስለ ቡና ጠየቀኝ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። አስቀመጥኩት። ስመለስ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ይኼንንስ በየትኛው ቀኝ ክሊክ ነው የማስተካክለው?

ወጣቷ፦

በእሱ ተሸነፍኩ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። የጥያቄ ምልክቱ የፎንት ጉዳይ እንኳን አይደለም። ፎንት ሲጎድል ባዶ ሣጥን ነው የሚታየው፤ ጽሑፉ ውስጡ ግን ደህና ይሆናል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ዩኒኮድን፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በአንድ የሚይዘውን የኮምፒውተር ሰንጠረዥ፣ አያውቅም፤ ለእንደዚህ ያሉ የቆዩ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ የላቲን፣ የሲሪልክ፣ የዓረብኛ የፊደል ሰንጠረዥ ነበረው፣ የግዕዝ ግን ኖሮት አያውቅም። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ አልተነካካም ይሆናል። በአየር ላይ አማርኛ ባይሄድ ይገባኛል፤ ኤፍቲ8 በነፃ ጽሑፍ 13 ሆሄ ብቻ ነው የሚያሳልፍ፣ እሱንም ከ42 ምልክቶች መርጦ። የራስዎ ማስታወሻ ግን የራስዎ ነው። እሱን ከሠሪው በቀር ማንም አያስተካክለውም።

የተቆረጠው ቁልፍ ላይ ግን ለሠሪው ልከራከር፣ ምክንያቱም እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ፕሮግራም ላይ ፎንት በሁለት ነጥብ ማሳደግ ቀላል ይመስላል። ቁልፎቹ «ከግራ 40፣ ከላይ 120» ተብለው በቁጥር የተቀመጡ ከሆነ ግን አንዱን ሲያሳድጉ ሌላው ላይ ይወጣል፤ መስኮቱን በሙሉ ከመሠረቱ መደርደር ይጠይቃል። ይህን የሚሠራው ሰው ደሞዝ የለውም፤ ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ነው የሚቀመጠው። «በቃ፣ ግዴታው ነው» ሲሉ ማንን እንደሚያዙ ይወቁት።

እና ደግሞ ጋሼ፣ ትልቅ ፊደል ዋጋ አለው። እኔ ኤፍቲ8 በሚበዛበት 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ስቀመጥ በአንድ ዙር ብዙ ጣቢያ ነው የሚወርደው። በ10 ነጥብ ሁሉንም በአንድ እይታ አያለሁ። በእርስዎ 16 ግማሾቹ ሳላያቸው ወደ ላይ ይሸሻሉ። የጋራው ኮምፒውተር ላይ ሴቲንጉን እርስዎ አሳድገውት ሲሄዱ እኔ መጥቼ ማሳነስ፣ እርስዎ ተመልሰው ማሳደግ... ለዚያ ነው ሁለት የዊንዶውስ አካውንት ይከፈት ያልኩት፤ ሴቲንጉ በየሰው ስም ለየብቻ ይቀመጣል። አሁንም አልተከፈተም፤ በነገራችን ላይ።

አንጋፋው፦

አካውንቱን የሚከፍት የይለፍ ቃል አንቺ ጋር ነው ያለው፤ በነገራችን ላይ።

በነፃ የሚሠራውን ሰው አከብራለሁ። ኤፍቲ8ን በ2017 ከሌላ ሰው ጋር ያወጡት ጆ ቴይለር የ1993ን የፊዚክስ ኖቤል ያገኙ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በ1941 ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ከእኔ ይበልጣሉ። ሰውየው ፎንት መምረጫ ሁለት ቁልፍ አስቀምጠዋል። እና በነፃ የሚሠራ ሰው ሊያስብበት አይችልም አትበይኝ፤ አስበውበታል፣ አስቀምጠዋል።

እኔ ውበት አልጠየቅኩም። መስኮቱ ሰማያዊ ይሁን አላልኩም። ሲጫን ገና፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ዜሮና ኦ ይለያዩ ነው የምለው። ኮል ሳይን ለሚጻፍበት ፕሮግራም ይህ ምርጫ አይደለም፤ ሚዛን ለሚሠራ ሰው ኪሎው ልክ ይሁን እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ዊንዶውሱ ላይ ማጉያውን 125 በመቶ ካልኩት ፕሮግራሙም ይስማኝ። አማርኛው ላይ ደግሞ ብሶብኛል፦ «ተ» እና «ቸ»ን የሚለያቸው አንዲት የራስ ሰረዝ ናት፣ «ነ» እና «ኘ»ም እንዲሁ። በ8 ነጥብ ያቺ ሰረዝ የለችም። ላቲን የሚያነብ ሰው የማይቸገርበትን መጠን እኛ ልንችለው አንችልም፤ ሠሪው ይህን ማወቅ የሚችለው ደግሞ የነገርነው እንደሆነ ነው።

ወጣቷ፦

እሺ፣ እንንገረው። ግን «አይነበብም» ብለን አይደለም፤ እንዲያ ያለ መልእክት እኔም ሲደርሰኝ ነገ አየዋለሁ ብዬ ነው የምተወው። የስክሪኑ መጠንና ፒክስል፣ ዊንዶውሱ ስንት በመቶ ላይ እንደሆነ፣ የፕሮግራሙ የእትም ቁጥር፣ የተቆረጠው ቁልፍ ፎቶ። ኦኤች0 እና ኦኤችኦ ከላይና ከታች ተጽፈው የሚያሳይ ሌላ ፎቶ። ይኼ ከደረሰው የሚሠራውን ያውቃል። ዜሮውን መቀየር አንድ መስመር ኮድ ሊሆን ይችላል፤ ዩኒኮዱ ግን ወራት ነው፣ ጨርሶም ላይሠራው ይችላል። እስከዚያ ዛሬ ማታ የሚያነቡት በእኔ ቀኝ ክሊክ ነው፤ ከዚህ አቋሜ ንቅንቅ አልልም።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዘው ይምጡ። ፎቶው ላይ ችግሩ እንዲታይ ያሳደጉትን ሁሉ ወደ ቦታው ይመልሱት። በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ 0600 እዚያችው ማኪያቶ ቤት እጠብቅዎታለሁ።

አንጋፋው፦

እንዳልሽው ሁሉንም መልሼ ነው ይህን የማነበው። 0600 ነው ያልሽው ወይስ 0800? እኔ ጋ ስምንት ይመስላል። ለማንኛውም በእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት እደርሳለሁ፤ 0800 ከሆነም ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።