ሁለት ንጉሥና አንድ ዋስ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሀዋሳ ሰው ወይ ዘመድ ይጠይቃል፣ ወይ ሐይቅ ዳር ወርዶ ዓሣ ይበላል። እኛ ሁለቱን አዋሕደን ዘመዳችንን ሐይቅ ዳር ወስደን ካርታ እንገጥመዋለን። አምስት ሰው፣ አንድ ካርታ፣ በገንዘብ ፈንታ አንድ ፌስታል ቆርኪ። ለእያንዳንዱ 40 ቆርኪ ይታደላል፤ ቀድሞ ያለቀበት የዓሣውን ሂሳብ ይከፍላል። ጨዋታው ፖከር ነው። ኮንከር ለምዶ ለኖረ ሰው መጀመሪያ ላይ ሥራ የሌለበት ጨዋታ ይመስላል፤ ሁለት ካርታ ይዞ የሰው ፊት ማየት።

የዚያን ዕለት መታየት የነበረበት ፊት የጋሼ ነበር። ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሲመጡም ደህና አልነበሩም፤ የዕቁቡ ዕጣ ለዘጠነኛ ጊዜ አልፏቸዋል፣ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ባጃጅ የመኪናቸውን መስታወት ገጭቶ ሳይቆም ሄዷል። ይህ ሁሉ ሳያንስ ሁለት አስ ይዘው ተሸነፉ። ያሸነፋቸው የእህታቸው ልጅ ነው፤ የያዘው ሰባትና ሁለት፣ ማለትም የፖከር ሰዎች ከሁሉ የከፋ መነሻ የሚሉትን። «ይህን ይዘህ ለምን አልጣልክም?» ሲሉት፣ «ቁጥሩን ወድጄው ነው ጋሼ» አላቸው።

ጋሼ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። አንዲት የለስላሳ ቆርኪ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል ያዙና ወደ ሐይቁ እያዩ ጨመቋት። ቆርኪዋ ቀስ ብላ እንደ ሳምቡሳ ታጠፈች። ከዚያ «ይበወዝ» አሉ።

ይህን ሁኔታ የፖከር ሰዎች ቲልት ይሉታል። «ቱግ አለ» የሚለው የእኛ ቃል አይበቃውም፤ ቱግ ያለ ሰው ወዲያው ይበርዳል፣ ቲልት የገባ ሰው ግን «ተረጋግቻለሁ» እያለ ነው የሚከስረው። ቃሉ የመጣው ፒንቦል ከሚባል፣ ኳስ ከሚንከባለልበት የመጫወቻ ማሽን ነው። ኳሷ እንድትታዘዝላቸው ማሽኑን የሚነቀንቁ ሰዎች ስላስቸገሩ፣ ሲነቀነቅ ጨዋታውን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ተገጠመለት። የሰፈራችን ጆተኒ ቢነቀንቁትም፣ አንድ ጎኑን ቢያነሱትም አይዘጋም። ለነገሩ የራሳችን ስም ሳናወጣለት የቀረነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጣዩን ካርታ ሳነሣ ሁለት ንጉሥ።

ሁለት ንጉሥ በአማካይ በ221 ዕድል አንዴ ነው የሚመጣው። የሚበልጠው መነሻ ሁለት አስ ብቻ ነው፤ ማንኛውም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ቢጋጠም ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋል። ከፊቴ የተቀመጡት ደግሞ የተናደዱ ሰው ናቸው። የተናደደን ሰው ማስፈራራት ከንቱ ነው፣ ካርታ አይጥልም። ጥሩ ካርታ ለያዘ ግን ብልሃት አያስፈልገውም፤ ከፍ አድርጎ መመደብ ብቻ፣ ባለ ንዴቱ ራሱ እየቆጠረ ያመጣል። አሞራ ገደል ሄዶ አባ ኮዳን ያየ ሰው ይህን ትምህርት ያውቀዋል። ያ መላጣ ወፍ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲበልቱ አንገቱን በትከሻው መሀል ቀብሮ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ጉዳዩ የማይመለከተው መስሎ ይጠብቃል። የሆድ ዕቃው ሲወረወር ብቻ አንገቱ ይረዝማል።

ጋሼ 5 ቆርኪ አስቀመጡ። ካርታቸውን በቅጡ ማየታቸውንም እጠራጠራለሁ። 20 ልጨምር እጄን ዘረጋሁ፤ ዘርግቼም ትዝ አለኝ። እኒህ ሰው የባንክ ብድሬ ዋስ ናቸው። ዕቁቡ ባለፋቸው፣ መስታወታቸው በተሰበረ ዕለት፣ በዋስ ላይ 20 ቆርኪ ይጨመራል? አምስቷን ብቻ አስቀመጥኩ። «ይጫወቱ ጋሼ» አልኩ፣ እንደ ቡና ቁርስ ጋባዥ።

ለሁላችንም የጋራ ከሆኑት አምስት ካርታዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መሀል ላይ ተገለጡ፦ ዘጠኝ፣ አራት፣ ንግሥት። ጋሼ 5። እኔም 5። አራተኛው ሁለት። ጋሼ 5። ይሉኝታዬ አሁንም 5። በኋላ እንዳየነው ጋሼ የያዙት አስና ስምንት ነበር፤ ከ10 ጊዜ 7ቱን ያህል የማሸንፈው ካርታ። እዚህ ላይ ደግሞ ከቀሩት 44 ካርታዎች ሊያድኗቸው የሚችሉት ሦስቱ አሶች ብቻ ነበሩ።

አምስተኛው አስ ሆነ።

ጋሼ 15 አስቀመጡ። ትከሻቸው ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኔ አየሁ፤ መሸነፌን አውቄዋለሁ። አውቄም ከፈልኩ።

«ብትጨምርም አይጥሉም ነበር» አለኝ የእህታቸው ልጅ፣ ማጽናናቱ ነው። «ይሉኝታ ባይዝህ ኖሮ ይኸኔ ሁሉንም አጥተህ ነበር።» ልጁ ልክ ነው። ያቃጠለኝም ልክ መሆኑ ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ዙሮች እጄ የገባውን ሁሉ ይዤ ገባሁ። የመጨረሻዎቹን ቆርኪዎች ያስቀመጥኩት በሰባትና በሁለት ነው። ቁጥሩንም ወድጄው አልነበረም።

ሂሳቡ መጣ። ጋሼ ፊታቸው እንደ ፋሲካ በርቷል፤ እኔ ቦርሳዬን ሳልዳስስ እጃቸው ኪሳቸው ገብቷል።

«አንተ ልትከፍል? እኔ ተቀምጬ?»

«ደንብ ነው ጋሼ፣ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ ልሙት፣ ዛሬ አይሆንም!»

«ደንብ ነው አልኩ!» የጎረቤት ገበታ ዞሮ አየን። ድምፁ የእኔ ነበር። በአንድ እጄ የጋሼን አንጓ ይዣለሁ፣ እሳቸው የእኔን ይዘዋል፤ በሌላው እጄ መዳፌን የሚወጋኝ ነገር አለ፣ የታጠፈ ቆርኪ። ለሁለት ዓሣ ጥብስና ለአንድ ሾርባ ሁለት አዋቂዎች ተናንቀን ብሩ በመሀላችን ይጨማደዳል።

አስተናጋጁ ሂሳቡን ከኋላው ይዞ፣ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ሰብሰብ አድርጎ ቆሟል። አይቸኩልም።