ችግኙ ባይጸድቅም እኛ ጸድቀናል

እኔ አንድ ጉድጓድ አለኝ። ካርታ የለውም፣ ግብር አልከፍልበትም፣ ግን የኔ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ ላይ፣ ከትልቁ ቋጥኝ በስተግራ ሦስተኛው። ከ2011 ጀምሮ በየሐምሌው እየሄድኩ ችግኝ እተክልበታለሁ። በ2011 ጥድ። በ2012 ወይራ። በ2013 ግራቪሊያ። በ2014 እንደገና ጥድ፤ ወይራ አልቋል ተባልኩ። በ2015 ስሙን ያልነገሩኝ ቅጠለ ሰፊ ነገር። በ2016 ወይራ። ስድስት ዛፍ ተክያለሁ ማለት ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስድስት ዛፍ! ግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ሰባት ልጅ የሚያሳድግ ገበሬ እንኳ እንዲህ ያለ የመሬት አጠቃቀም አያውቅበትም።

ዛሬ ላማርር አልመጣሁም። ላመሰግን ነው የመጣሁት። ዓለም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንት ዓመት ስትጨቃጨቅ፣ እኛ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጉዳዩን ዘግተን ለምሳ ቤታችን እንገባለን። ይህንን የመሰለ ልማድ አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

ደግሞ አማርኛችን ራሱ ከኛ ጋር ነው። ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ሰው ገነት ሲገባም «ጸደቀ» ነው። ቃሉ አንድ ነው። ችግኙ ከጸደቀ እሰየው። ካልጸደቀም እኛ ጸድቀናል። ከሁለታችን አንዳችን እስከጸደቅን ድረስ ሒሳቡ አይበላሽም።

ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ። ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ይለቀቃል። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከግቢ እንነሳለን። መቅረት አይቻልም።» ዓርብ ቲሸርት ይታደላል። ቲሸርቱ ሁልጊዜ ኤክስ ኤል ነው፤ ከሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ለብሳው እንደ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ቅዳሜ ባስ ውስጥ ስም ይጠራል፣ ይፈረማል። ኮረብታው ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የሚወርደው ባነሩ ነው። ቀጥሎ ካሜራው። ችግኞቹ ከኋላ በአይሱዙ ይመጣሉ፤ ቢዘገዩም ችግር የለም፣ በባዶ እጅ የሚነሱ ፎቶዎችም አሉ።

ፎቶው የራሱ ጥበብ አለው። መቆም ነውር ነው። በርከክ ትላለህ። በግራ እጅህ ችግኙን አንገቱ ላይ ትይዛለህ፣ በቀኝህ አፈር ትመልሳለህ፣ ዓይንህ ካሜራው ላይ ነው። ትንሽ ጭቃ ጉንጭህ ላይ ከነካካህማ ዓመቱን ሙሉ ፕሮፋይል ይሆንሃል። ከሥሩ «አሻራዬን አኖርኩ» ብለህ ትለጥፋለህ። ጭቃ ላይ ነው ያኖርከው፤ መስከረም እስኪጠባ አይጠፋም።

አለቃ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ባለፉት ክረምቶች በአንዱ ያየሁትን መቼም አልረሳው። ቪ8ቷ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆመች። የሳቸው ጉድጓድ ቀድሞ ተቆፍሯል፣ እንዳያዳልጣቸው ዙሪያው ጠጠር ፈሶበታል። ዝናቡ ይወርዳል። አንዱ ልጅ ጃንጥላ ዘረጋላቸው። ችግኛቸውን ተከሉ። ከዚያ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ውሃ ማጠጫ ቀረበላቸው። ከላይ ዝናብ፣ መሀል ጃንጥላ፣ ከሥር ማጠጫ። አጠጡ! ተጨበጨበ። ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ እየወረደ! ያቺን ማጠጫ ከዚያ ቀን ወዲህ አላየኋትም። በጥር የት እንደምታድር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እንደኔ ያለ ነገረኛ ሰው ደግሞ ቆሞ ያሰላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ገደማው ካርቦን ነው። ያቺ ችግኝ ደርቃ ብትመዘን 10 ግራም ናት እንበል። አምስቱ ግራም ካርቦን ቢሆን፣ ከአየር የሳበችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 18 ግራም ገደማ ነው። አንዷን ሊትር ናፍጣ ለማካካስ እንዲህ ያሉ 150 ችግኞች ያስፈልጋሉ። እኛ የዚያን ቀን የተከልነው 300 ነው። ስለዚህ የቆመችውን መኪና ለሁለት ሊትር ያህል ችለናታል። መመለሻው አይቆጠርም። ዛፍ ካርቦን የሚይዘው እያደገ ሲሄድ ነው የሚሉ አሉ። ቢያድግ ጥሩ ነበር።

ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ችግኙን ከነጥቁር ፕላስቲኩ ቀበረው። «ፕላስቲኩን አታወልቀውም?» አልኩት። «ተወው ባክህ፣ ይበርደዋል» አለኝ። ርኅራኄ ነው። ሥሩ ግን መውጫ ያጣና እዚያው ውስጥ ሲዞር ሲዞር ራሱን አንቆ ይቀራል። ለነገሩ ሞቆት ነው የሚሞተው።

ፈረንጅ ነገር ማካበድ ይወዳል። ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ በፈረንጆች 1896፣ ያው እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ በእጁ እያሰላ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ ጻፈ። ከ1958 ጀምሮ ደግሞ ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ በሚባል ተራራ ላይ አየሩን ይለካሉ። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 315 ገደማ ነበር። ዛሬ 420ን አልፏል። ፋብሪካ ሳይመጣ 280 ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሲለኩ አንድ ቲሸርት አላሳተሙም። እንዴት ሰው ያምናቸዋል?

ጥፋቱ የኛ አለመሆኑማ የታወቀ ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከዓለም የካርቦን ልቀት 4 በመቶ እንኳ አትሞላም። የበላው ሌላ፣ ሒሳብ የሚከፍለው ሌላ። በፈረንጆች ከ2020 እስከ 2022 በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ሳይንቲስቶች መርምረው፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ መቶ እጥፍ ያነሰ ይሆን ነበር አሉ። የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም። ሙቀቱ የወረደችዋንም እርጥበት ከአፈሩና ከቅጠሉ ይመጣታል። የዚያን ጊዜ የከብቱን ሬሳ ፎቶ ያየ ሰው በዚህ ላይ ሊያሾፍ አይችልም፤ እኔም ልለፈው።

ብቻ ያው ሙቀት ወደ እኔም ኮረብታ ይመጣል። መስከረም ላይ ዝናቡ ያቆማል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያችን አንድ ስንዝር ችግኝ የሚያስታውሳት ፀሐይ ብቻ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ፍየል። ክትትልና ግምገማውን የያዘችው ፍየሏ ናት። በየቀኑ መስክ ትወጣለች። አበል አትጠይቅም። እያንዳንዱን ችግኝ በአካል ተገኝታ ትቀምሳለች። ሪፖርቷንም እዚያው ጠብ ጠብ አድርጋ ትሄዳለች፤ ጥቁር፣ ክብ፣ አጭር።

የኛ ሪፖርት ግን ቁጥር አለው። ቁጥር ላይ ማን ይደርስብናል! ሐምሌ 22 ቀን 2011 በ12 ሰዓት ውስጥ 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተባለ። አካፈልኩት፤ በሴኮንድ ከ8 ሺህ በላይ ነው። አስነጥሰህ «ይማርህ» እስክትባል 16 ሺህ። ከዚያ የቀን ዕቅዱ በ2015 ወደ 500 ሚሊዮን፣ በ2016 ወደ 600 ሚሊዮን፣ በ2017 ወደ 700 ሚሊዮን አደገ። ችግኙ ቢያድግም ባያድግም ዕቅዱ በየዓመቱ ያድጋል። «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ መጠየቅ ግን ባለጌነት ነው። ሠርግ ቤት ሄደህ ሙሽሮቹን «መቼ ነው የምትፋቱት?» እንደማለት።

መትከሉ መጥፎ ነው ያለ የለም፤ እንዳትጣሉኝ። ይህ አገር ዛፍ ይፈልጋል። አዲስ አበባም ብትሆን ዛሬ ያለችው በዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆባት ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። የዚያን ጊዜ ሰው የሚተክለው ማገዶና ምሰሶ ስለሚፈልግ ነበር። የሚፈልገውን ነገር ደግሞ ሰው ፍየል አያስበላውም። ኋላ ቀርነት!

ወላይታ ሁምቦ ያሉት ደግሞ ይባስ። በፈረንጆች 2006 ገደማ የተራቆተ ተራራቸውን ሊያለሙ ተነሱ። ችግኝ መደርደሩን ትተው ዋናውን ሥራ ጉቶ ላይ አደረጉት። መሬት ውስጥ ያሉት የድሮ ዛፎች ሥሮች ገና ነፍስ አላቸው። ከብት ከለከሉ። ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ጠንካራውን ቀንበጥ እየመረጡ አስቀሩ፣ ሌላውን ገረዙ፣ ጠበቁ። ከ2,700 ሄክታር በላይ ደን ሆነ። የያዘውን ካርቦንም ለዓለም ባንክ ሸጡት። በገንዘብ! ግን እስቲ አስቡት፣ ጉቶ አጠገብ ተንበርክኮ ፎቶ ምን ያምራል? «ዛሬ ይህችን ጉቶ ባለመንካት አሻራዬን አኖርኩ» ተብሎ ይለጠፋል? ደባሪ ሰዎች ናቸው።

የጎጃምና የጎንደር ደብሮችም ያው ናቸው። በዙሪያቸው ያለው መሬት ታርሶ ሲያልቅ እነሱ ቅጥራቸው ውስጥ ዝግባና ወይራ ይዘው ስንት መቶ ዓመት ተቀምጠዋል። ያለ ባነር። አንድም ጊዜ ክብረ ወሰን ለመስበር አልሞከሩም።

ያለንበት ጊዜ ግን የትልልቅ ነገር ነው። በፈረንጆች 2027 ኮፕ 32 የሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል። እንግዶቹ አንድ ነገር መትከላቸው አይቀርም። ስለ ጉድጓዱ ብዙ እንዳይጨነቁ፤ እኔ የለመደ ጉድጓድ አለኝ ልል አስቤ ነበር። የለኝም። ባለፈው ሐምሌ የደረሰብኝን ላውራችሁ።

እንደ ልማዴ ቲሸርቴን ለብሼ፣ ችግኜን ታቅፌ፣ ከቋጥኙ በስተግራ ሦስተኛው ዘንድ ሄድኩ። ጉድጓዴ ተይዟል። ውስጡ ጉልበቴ ድረስ የደረሰ ወይራ ቆሟል። ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ነፋስ ሲገለብጠው ከሥሩ ነጣ ይላል። ግንዱ ዙሪያ ድንጋይ ተደርድሯል። ከድንጋዩ ውጪ እሾህ ታጥሯል። ክው አልኩ። የ2016ቱ የራሴ ወይራ ነው!

የአካባቢው ጥበቃ፣ ጋቢ የደረቡ አባት፣ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ወይራ ነዋ ልጄ። አታውቀውም እንዴ? አንተው አይደለህ የተከልከው?»

«አውቀዋለሁ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«የልጅ ልጄ ናት። ማታ ማታ ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ትደፋበታለች። እሾሁን እኔ አጠርኩላት። አንድ ጀሪካን እንኳ አልሞላም በሳምንት። ጥር ላይ ብቅ ትላላችሁ ብለን ነበር፤ ጠፋችሁ።»

«ጥር ላይ እኮ በጀት የለም አባባ።»

«ውሃ በበጀት ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ችግኝ ይዤ መቆሚያ አጥቻለሁ። አስተባባሪያችንን ጠራሁት። ችግሬን ነገርኩት። መዝገቡን ገለጠ። «የተተከለ» የሚል ዓምድ አለ። «የቀረ ሠራተኛ» የሚል አለ። «የጸደቀ» የሚል የለም። ወደ ወይራው አየ፣ ወደ መዝገቡ አየ። «ይሄማ የአምና ሪፖርት ላይ ገብቷል» አለ። ተጨነቀ። ዘንድሮ ከኛ የሚጠበቀው 300 ነው፣ ደብል ማስገባት ክልክል ነው፣ አዲስ ለመቆፈር ደግሞ ዶማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አለቃ ጋ ነው።

«ና ተንበርከክ» አለኝ በመጨረሻ።

ተንበረከክኩ። እሾሁን በጥንቃቄ ወደ ጎን ገፋ አደረገልኝ። በግራ እጄ ወይራውን አንገቱ ላይ ያዝኩት፤ ዘንድሮ አንገቱ ወፈር ብሏል። በቀኜ ትንሽ አፈር መለስኩበት። ካሜራው ብልጭ አለ። የታቀፍኩት አዲሱ ችግኝ ከነፕላስቲኩ ቋጥኙ ሥር ቀረ።

«በአንድ ቀን እንዲህ የሚያድግ ወይራ አይቼ አላውቅም» አለች የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስልኬን አይታ።

አስተባባሪው እስክሪብቶውን ላሰና ጻፈ። የተተከለ፣ አንድ።